ከዝናቡ ቀድሜ
ዛሬ ጠዋት የስልኬ የአየር ትንበያ «ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ዝናብ፣ 60 በመቶ» ይል ስለነበር፣ ከባሕር ዳር ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በየሳምንቱ የማደርገውን የብስክሌት ጉዞ ወደ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አምጥቼ ወጣሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማለዳ በሐምሌ ሲገኝ ልቤ በደስታ ይሞላል። ከኮረብታው ስወርድ ግን፣ ገና 3 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከጣና በኩል የተነሣው ደመና ደረሰብኝና ዶፉን ለቀቀው፤ የፍሬኑ ላስቲክ ረጥቦ ጎማውን አልይዝ ስላለኝ ወርጄ እየገፋሁ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ።

60 በመቶ የሚለው ቁጥር ዝናብ የመጣሉን ዕድል እንጂ የዝናቡን ብርታት አይነግርም፤ የክረምት ደመና ደግሞ እዚያው ተነሥቶ እዚያው ስለሚወርድ፣ አንዱ ሰፈር ሲጥለቀለቅ ሌላው አቧራው እንኳ ሳይረጥብ ይቀራል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትንበያውን ከመነሣቴ በፊት ብቻ ሳይሆን ኮረብታው ጫፍ ላይም ደግሜ አየዋለሁ፣ የሐይቁን አድማስም አብሬ።

አሁን የብስክሌቱን ካቴና (ሰንሰለቱን) በጨርቅ አድርቄ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ከፓራፋንጎው (ከጎማው የጭቃ መከላከያ) ሥር የተጋገረው ጭቃ ግን ገና አልለቀቀም።