መስከረም አንድና መስከረም ሁለት

ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ ገና አልለቀቀንም። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተመልሶ ይዘጋል። አደዩ ግን ፈንድቷል። ገበያው ላይ የዶሮ ዋጋ ሲጠራ ሰው አፉን ይይዛል፤ ይዞም ቢሆን ይገዛል። ከተማው እንቁጣጣሽ ይበለው እንጂ ገጠር ያሉት ዘመዶቼ «ለዮሐንስ ትመጣለህ ወይ?» ነው የሚሉኝ።

በበዓል መልእክት ስለ ወደቁ መንግሥታት መጻፍ ምን የሚሉት ነው የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። ዛሬ የምናከብረው ቀን ራሱ በነሱ እጅ ያለፈ ነው።

ከማውቃቸው አንድ የኔታ ልጀምር። መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቆመው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል። ጎጃም ሲባል ሁሉም ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ቅኔውን ነው የሚያነሳው፤ ባሕረ ሐሳቡን፣ የዘመን ቆጠራውን ሒሳብ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። የኔታ ካልኩሌተር አይነኩም። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምሩና ለአራት ያካፍላሉ። ትራፊው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ቀጥሎ ለ19። ፋሲካ የሚወጣባቸው ቁጥሮች ይከተላሉ፤ ወንበሩ ይወጣል፣ ከወንበሩ አበቅቴው፣ መጥቅዑ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሽው ይላል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተማሪው አለቀለት፤ «ከራሱ ጀምር!» ነው።

እዚያ መሀል ያለችው 19 ቀላል ቁጥር አይደለችም። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ሒሳባቸውን ያወራርዳሉ፤ ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ይህን አውቀው ይሠሩበት ነበር። እስክንድርያ የፋሲካን ቀን ለማውጣት ተጠቀመችበት። የኛ ሊቃውንት ክብሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣሉ። ባቢሎን ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ፍርስራሽ ናት። ሒሳቧ የኔታ ጣት ላይ ነው።

የወሮቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ፣ ከዚያ አምስት ትርፍ ቀን። ይህ የፈርዖኖቹ አቆጣጠር ነው። ግብፆች የመጀመሪያውን ወቅታቸውን የሰየሙት በዓባይ ሙላት ነበር፤ ውሃው ሲመጣ ዓመቱ ይጀመራል። ውሃው ከየት ነው? ያ ሙላት በዋናነት የኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ የተነሣው፣ ከጮቄ ተራራ የወረደው፣ የገበሬውን አፈር እያጠበ የሄደው። ግብፆች ያንን አፈር እያረሱ ነው ፒራሚድ ያቆሙት። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። እኔ እንኳ ዓባይ በዚህ አያያዙ ትንሽ የታማ ይመስለኛል፤ በኛ ዝናብ የተጀመረው አዲስ ዓመት ከብዙ ዘመን በኋላ ዞሮ እዚሁ ገብቷልና።

የፈርዖኖቹ አቆጣጠር አንድ ጉድለት ነበረው። 365 ቀን ብሎ ያቆማል። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እያፈሰሰ አዲስ ዓመቱ ከወቅቱ እየራቀ ሄደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ሦስተኛው በጥሊሞስ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ይጨመር የሚል ድንጋጌ ወጣለት። ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ ማን ይስማው! እንደ ድሮው ቀጠሉ። ሮማ ከልደት በፊት በ30 ግብፅን ስትውጥ ነው ነገሩ የተቆረጠው። አውግስጦስ ቄሳር፣ ያው ሉቃስ ወንጌል ላይ ዓለም ሁሉ ይቆጠር ያለው፣ ግብፅ ውስጥ ስድስተኛዋን ቀን አስገባ። እኛም ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ግጥምጥሞሹን የኔታ ሲሰሙ በጣም ሳቁ።

እንግዲህ ጳጉሜን ላይ አንድ ጎጃም ወንዝ ዳር በሌሊት ውረዱ። እናቶች ልጆቻቸውን ያጠምቃሉ። ሩፋኤል ቀን ከዘነበማ ጸበል ነው፤ ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ላይ ይዘላሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ለግብፆቹ እነዚያ አምስት ቀናት አማልክቶቻቸው የተወለዱባቸው ነበሩ። እዚህ ወንዝ ውስጥ ኦሳይረስን የሚያውቅ የለም። አውግስጦስንም ውሃው ውስጥ የሚያስበው የለም። ቀኑ የሩፋኤል ሆኗል፣ የእናቶች ሆኗል፣ በቃ። ከገናናዎቹ መንግሥታት የተረፈው ነገር የተረፈው ለድሃው ስለጠቀመውና ድሃው የራሱ አድርጎ ስለያዘው ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቱ ሲሞት ቀኑ አልሞተም።

ግብፅ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፋርስ መጣ፣ ግሪክ መጣ፣ ሮማ፣ ዓረብ፣ ቱርክ፣ እንግሊዝ። ገበሬው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዘር የሚጥልበትን ጊዜ በቱት፣ በባባ፣ በሃቱር መቁጠሩን አልተወም። ቱት መስከረማችን ናት። ከላይ ማንም ይግዛ ማን፣ ስንዴው ወቅቱን ይፈልጋል።

ለራሳቸው ክብር ዘመን ሊቆርጡ የተነሡትን ደግሞ እዩልኝ። ሮማ ላይ ኮሞዱስ የሚባል ንጉሠ ነገሥት አሥራ ሁለቱንም ወሮች በራሱ ስሞችና ማዕረጎች ጠራቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ192 ተገደለ፤ ስሞቹም አብረው ተቀበሩ። ፈረንሳዮች አብዮታቸውን ተከትለው አዲስ አቆጣጠር አወጡ፤ ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ወይም ስድስት፣ ቁርጥ የኛን! ናፖሊዮን ብዙም ሳይቆይ ሻረው። ሙሶሎኒ ሥልጣን የያዘበትን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1922ን፣ እንደ ዓመት አንድ አስቆጠረ። ጦሩ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገባ በነሱ ቤት «14ኛው ዓመት» ነበር። ሮማን ልናስነሣት ነው እያሉ ነው የመጡት። ጎጃም ላይ የጠበቃቸው ግን በላይ ዘለቀና መሰሎቹ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ በጎጃም አድርገው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። የፋሺስቱን ዘመን ዛሬ ጣሊያን ውስጥ እንኳ ማንም ብሎ አይቆጥርበትም።

ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ሰው የሰውን ብቻ ሲያወራ ደስ አይልም።

በዚሁ በጎጃም መንገድ የተመለሰው ዙፋን በ1960 ከጎጃም ገበሬ ጋር ተፋጠጠ። የእርሻ ገቢ ግብር ተጣለ፤ ገበሬው ደግሞ ነገሩ ርስቴን ሊለካብኝ ነው ብሎ ሸፈተ። ጦር ተላከበት፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። መጨረሻ ላይ መንግሥት ወደኋላ አፈገፈገ። የዘውድን ዘመን በቅርስና በክብር ብቻ የሚያነሳ ሰው ሲገጥመኝ ይቺን አስታውሰዋለሁ። የተቃጠለ ጎጆም ውርስ ነው።

ከዚያ 1967 መጣ። እንቁጣጣሽ በተከበረ ማግስት፣ መስከረም 2፣ ጃንሆይ በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ደርግ ቀኑን የአብዮት በዓል አደረገው። ታላላቆቻችን ዛሬም ይነግሩናል፤ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ሳያልቅ ሰልፍ፣ መፈክር፣ ጭቃ ላይ ቆሞ ንግግር መስማት። ቀይ ጨርቁ ከአደዩ ይበዛ ነበር ይላሉ። እስከ 1983 ቆየ። ግንቦት ላይ ደርግ ሲወድቅ በዓሉም ወደቀ። አሁን ለትንንሾቹ መስከረም 2 ምን ነበር ብትሏቸው «የእንቁጣጣሽ ማግስት» ይሏችኋል። ልክ ናቸው።

አንድ ቀን ናት የምትለያቸው። መስከረም 1ን ማንም ካድሬ ቀስቅሶላት አያውቅም። ልጆች አበባ ይዘው በር ያንኳኳሉ፣ ባለቤቱ ኪሱን ይዳብሳል፣ እሜቴ ዳቦ ይቆርሳሉ። ሰልፍ ሳይጠራላት ይኸው ስንቱን መንግሥት ሸኘች።

ዘንድሮም ብዙዎቻችሁ አገር ቤት መግባት እንዳልቻላችሁ አውቃለሁ። መንገዱ ያስፈራው አለ፣ ኪሱ ያልፈቀደለት አለ፣ ጂዳና ዋሽንግተን ሆኖ ፈቃድ የተከለከለ አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ በዓሉን በሰው ቤት የሚውለውን እግዚአብሔር ወደ ቤቱ ይመልሰው። ወላጆቻችሁ ጎጃም ያሉ፣ ኔትወርክ ካለ ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ ከሌለም ነገ ሞክሩ፣ ማግስቱም በዓል ነው።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው በኮባ ተደፍቷል። ዶሮዋን ግን ቶሎ ካልመጣችሁ አልጠብቅላችሁም።

መልካም አዲስ ዓመት!