ዕድሜ በሰኔ ሚካኤል ሲቆጠር

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች አነስተኛ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ትምህርት ቤት ምዝገባው የእኔ ሥራ ነው። በ2015 በጸደቀው ፖሊሲ መሠረት ልጆች በ5 እና በ6 ዓመታቸው ቅድመ አንደኛ ይማራሉ፣ በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ነሐሴ ላይ ከሚሰለፈው ወላጅ ግን የልደት ሰርተፍኬት ይዞ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ጀምሮ ቢኖርም፣ መታወቂያው ክፍለ ሀገር የቀረ ተከራይ በ90 ቀን ውስጥ የት ሄዶ ያስመዝግብ?

ድሮ እጅን በራስ ላይ አሻግሮ ጆሮ ማስነካት ነበር። እኔ አላደርገውም። የሚለካው የክንድ ርዝመት ነው፤ ምግብ አጥሮት የቀጨጨ ልጅ ዕድሜው ደርሶም ይቀራል።

መጀመሪያ የክትባት ካርድ እጠይቃለሁ። የ45 ቀኑ ክትባት የተሰጠበት ቀን ካለ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። እናትየው ዘግይታ ወስዳው ቢሆን እንኳ ልጁ ከቆጠርኩት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ካርዱ ከጠፋ በበዓል እጠይቃለሁ። «ኮሮና የገባ ዓመት ነው ቲቸር፤ የሰኔ ሚካኤል ማግስት» አለችኝ የአንዱ ልጅ አክስት። ሰኔ 13፣ 2012 ማለት ነው። ለ2018 መስከረም አምስት ሞልቶታል፣ መዘገብኩት። «ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ «አራትም አምስትም ይሆናል» ነበር የምትለኝ።

የሰፈሩን ሕፃናት ብዛት ከእቅድ ላይ ማግኘት አይቻልም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ ያኔ ኮንዶሚኒየሙ አልነበረም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የራሴን ዓምዶች ጨመርኩ፦ የብሎክ ቁጥር፣ ተከራይ ወይስ ባለቤት፣ ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ። ቋንቋው በጣም ጠቅሞናል። ከነባር አርሶ አደር ቤተሰብ የሚመጡት ልጆች አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆኑ ቋንቋውን የምትችል መምህርት ጋ እንመድባቸዋለን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ኪራይ ነው። ኪራይ ሲጨመር ልጁ ሳይሰናበት ይሄዳል፣ በቦታው ሌላ ይመጣል። የተከራዮችን አድራሻ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የተጠባባቂዎችንም ስልክ ዓመቱን ሙሉ አልጥልም። ወረዳው ቁጥር ሲጠይቀኝ የተመዘገበውንና የሚገኘውን ለየብቻ እሰጣለሁ። መጋቢ እናቶች ቁርስና ምሳ የሚያዘጋጁት በሁለተኛው ነው።