ፍየል የሸጡት እማወራ

መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የከብትና የፍየል እርባታ በአንድ የጎሣ ማኅበረሰብ አርሶ አደሮች መካከል ያለውን የገቢ ልዩነት ያጠብባል ወይስ ያሰፋል የሚለውን ለማወቅ ፈልገን ነበር። «ባለፉት 12 ወራት ስንት እንስሳ ሸጡ? በስንት?» ብዬ ጻፍኩ፤ በቂ መሰለኝ።

መረጃው ሲገባ ቤተሰቦቹን በእርባታ ገቢያቸው ቅደም ተከተል አሰለፍኳቸው። ከላይ ካሉት መካከል መሬታቸው ጠባብ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እማወራ ነበሩ። ደስ አለኝ። እርባታ ድሃውን ቀና እያደረገ ነው የሚል አንቀጽ ጻፍኩ፤ የገቢ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መለኪያም ሐሳቤን ደገፈልኝ። ይህ መለኪያ ሁሉም እኩል ሲያገኙ 0 ይሆናል፣ አንዱ ሁሉን ሲጠቀልል ወደ 1 ይጠጋል። ሲሸጥ የተገኘ ብር ከምን እንደመጣ ግን አይጠይቅም።

መጠይቁን ያስሞላችው ባልደረባዬ ረቂቁን አንብባ ዝም አለች። ቆይታ «እኚህ እናት እኮ ልጃቸው ታሞባቸው ነው የሸጡት። እኔ ስደርስ በረቱ ባዶ ነበር» አለችኝ።

ቅጹን ገለጥኩት። የቀረውን እንስሳ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ገቢ ብዬ የደመርኩት ጥሪታቸውን ነበር። ለከርሞ የምትወልድ ፍየል የለቻቸውም፣ የምትታለብም የለች። ላሞቻቸውን ሳይነኩ ወተቱን ለልጆቻቸው የሚያጠጡት ደህና ኗሪዎች ደግሞ በእኔ ሠንጠረዥ ከግርጌ ተኮልኩለዋል፤ ወተቱ ስላልተሸጠ አልተቆጠረማ! ሪፖርቱ እንዲያ ቢወጣ ኖሮ የድጋፍ ዝርዝር ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚሰረዙት እኚያ እናት ነበሩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ሥራው ሁለት ሳምንት ዘገየ። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውን፣ የተወለደውን፣ የተገዛውን፣ የሞተውን፣ የታረደውን፣ የተሸጠውንና የቀረውን፣ ቤት ውስጥ የተጠጣውን ወተትም ጭምር እንደገና ጠየቅን። በየቤቱ ሚስቶችንም ለብቻ አነጋገርን፤ ባሎቹ ከብቱን ሲቆጥሩ ዶሮና ፍየሉን ዘንግተውት ነበርና። ለምን እንደሸጡም ጠየቅን። አዲሱ ስሌት እማወራዋን ከመጨረሻዎቹ ተርታ አስቀመጣቸው።

«ለምን ሸጡ» ከሚለው ፊት ባልደረባዬ የእናትየዋን ቃል እንዳለ አስፍራዋለች፦ «አንዲቱን ለዘር ላስቀር ብዬ ነበር፤ የመድኃኒቱ አልሞላ አለኝ።»