በር ነው አልጋ?

ዛሬ ከጅማ መርካቶ ወደ ጅሬን ስወጣ የባጃጁ ሹፌር ዞሮ አየኝና «ወንድሜ፣ በር ነው አልጋ?» አለኝ። የያዝኩት የሙዚቃ ኪቦርድ በአንድ ጎን ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር።

ጓደኛዬ ያዋሰኝ ያማሃ ሲፒ 88 ነው። ብቻውን 18.6 ኪሎ። ዳገቱ ላይ ባጃጁ ሲያቃስት እኔም አብሬው አቃሰትኩ።

ቤት ገብቼ ስነካው ግን ዝም አልኩ። 88ቱም ቁልፎች እንደ እውነተኛ ፒያኖ መዶሻ አላቸው፤ በግራ ከበድ ይላሉ፣ ወደ ቀኝ እየቀለሉ ይሄዳሉ። በትዝታ ቅኝት ቀስ ብዬ ስጫወት፣ ጣቴን ላላ ሳደርግ ድምፁ ይለዝባል፣ ጫን ስል ይቆጣል። በቀላሏ ኪቦርዴ ለዓመታት ስጮህ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ጭፈራው መጣ። ክራር ክራር የሚለውን ፈጣን አመታት ስሞክር ሦስተኛው ዘፈን ላይ ክንዴ ድንጋይ ሆነ። ቺክቺካ የሚመታልኝ ሪትም የለውም። የራሱ ስፒከርም የለውም። የእኔዋ አሮጊት ኪቦርድ ሁለቱም አላት (ድምጿ ቆርቆሮ ነው እንጂ)።

ከበሮ መቺና ቤዝ ላለው ባንድ ዓይኔን ሳላሽ እመርጠዋለሁ። ብቻውን ሰርግ ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም። እኛ ሰርግ ሠራተኞች ኪቦርድ ስንገዛ ስንት ሪትም እንዳለው እንጂ ጣት ሲያርፍበት ምን እንደሚል ጠይቀን አናውቅም።

ነገ እመልሰዋለሁ። የባጃጁን ሹፌር ስልክ ይዣለሁ፤ «በሩን ልትመልስ ነው?» ብሎ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ።