31ኛዋ ምዕራፍ የት ትግባ?

ግንቦት 27፣ ማታ። ድሬዳዋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ግድግዳው ይፋጃል። መብራት ሄዷል፣ ቬንትሌተሩም ዝም ብሏል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሲከፋኝ ዋለ። ምክንያት አምጣ ካላችሁኝ የሰፈር ልጆች ናቸው እላለሁ።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከዚራ ሰፈር ሰው የለም። ሱቁ ዝግ ነው፣ ሁሉም በየቤቱ ተጋድሟል። አንድ የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ዛፍ ጥላ ስር ቆሞ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሏል። ጉንጩ ሞልቷል፣ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው።

«ከመጽሐፈ ምሳሌ በቀን አንድ ምዕራፍ አንብብ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም» አልኩት።

«አቦ ተወኝ! ወላሂ ሙቀቱ ራሱ ይበቃኛል።»

አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ ወላሂ የሚል ልጅ ከድሬ ውጭ ይገኝ ይሆን? ከኋላ የተጋደመው ጓደኛው ቀና አለ። «ስንት ምዕራፍ ነው የናንተው?» 31 አልኩት። «የኛ ቁርኣን 30 ጁዝ፣ 30 ክፍል ነው። በረመዳን በቀን አንድ አንድ ትላለህ፣ ያልቃል። እናንተ አንዷን የት ታደርጓታላችሁ?»

አፌን ያዝኩ። እስካሁንም እሷን እያሰብኩ ነው።

ምዕራፉን በቀኑ ቁጥር ነው የማነበው፤ በ1 ምዕራፍ 1፣ በ2 ምዕራፍ 2። በፈረንጅ ወር ብንሄድ 31 የሚሞላው ብዙ ነው። የኛ ግን 30 ላይ ያቆማል፣ ማግስቱን እንደገና ምዕራፍ 1። የምትዘለለዋ ደግሞ ተራ ምዕራፍ አይደለችም። መጽሐፉ ከመጀመሪያው «ልጄ ሆይ» ሲል ድምፁ የአባት ነው። 31 ላይ ግን ንጉሥ ልሙኤልን እናቱ ትመክረዋለች። ጉልበትህን በሴት አትጨርስ፣ መጠጥ ለነገሥታት አይሆንም፣ አፍህን ለዲዳው ክፈት። ከዚያ ልባም ሴት ትመጣለች። ይኸው እኔ በሀገሬ አቆጣጠር ሳነብ ልባም ሴት ጋ ሳልደርስ ወሩ እያለቀብኝ ኖሬአለሁ! መቼ ነው የምታገባው ለምትለኝ አክስቴ የምመልሰው አገኘሁ።

እማዬ ይሄ ጣጣ የለባትም። ዳዊቷ በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ፣ የማክሰኞ እያለች ትሄዳለች። የማኅደሩ ጠርዝ ተልጧል። የየዕለቱ መጀመሪያ ላይ ቀይ ክር አለ፣ የረቡዑ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎበታል። አንብቡ ብላን አታውቅም። ግን ሁላችንም ጠዋት የነቃነው በሷ ንባብ ነው። የባጃጁ ልጅ ቤት ማን ያነብ ነበር? አባቱ ጅቡቲ እንደሄደ ቀረ። እኔ ደግሞ መጥቼ የምዕራፍ ቁጥር ጣልኩለት።

ምዕራፍ 7ን ብተርክለት ይሻል ነበር። አንዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ፣ አመሻሽ ላይ ልቡን የጣለ ጎረምሳ የሴትዮዋን ቤት ጥግ ይዞ ይሄዳል። ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ ከዚራ ነው። ይቺን ቢሰማ ስልኩን ሳያስቀምጥ አይቀርም፤ «ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም።

ግን 31ስ? ከ30ኛዋ ጋር ደርበን እናንብባት? ወይስ ለጳጉሜ እናቆያት? ለጳጉሜ ካልን የእናት ምክር በዓመት አንዴ ብቻ ልትሰማ ነው። እማዬ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

መብራት መጣ። የዛሬዋን 27ኛዋን ገለጥኩ። ማልዶ ተነስቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚባርክ እንደ ረገመው ይቆጠራል ትላለች። እኔ ደግሞ ለነገ ጠዋት 12 ሰዓት ለልጆቹ ግሩፕ የሚላክ ጥቅስ አዘጋጅቼ ነበር፣ «ተነሱ ጎበዞች!» የሚል ጨምሬበት። በዚያ ሰዓት አንዳቸውም አይነቁም።

ቴሌግራም ያለ ድምፅ መላክ ይፈቅዳል። ያ በታላቅ ድምፅ ይቆጠር ይሆን?