ሽቅብ ሲሄዱ የሚብሰው ጨው

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ ሴኔጋል፣ ሳሉም ወንዝ ላይ ስሠራ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መሣሪያዬን ነው። ግንቦት መጨረሻ ነበር። ከባሕሩ አፍ ተነስቼ ሽቅብ በሄድኩ ቁጥር ጨው ይቀንሳል፣ የዓሣው ዓይነትም አብሮ ይለወጣል ብዬ ሠንጠረዡን ቀድሜ አስምሬ ነበር። ዝዋይ ዳር ላደግሁት ለእኔ የወንዝ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው።

አፉ ላይ እንደ ባሕሩ በሊትር 36 ግራም ገደማ አገኘሁ። ወደ ላይ ስወጣ ፉንጁኝ የምትባል ከተማ ላይ ከዚያ በለጠ። ከዚያም ሽቅብ ካዎላክ ስደርስ በሪፍራክቶሜትሩ (ጨውን በብርሃን መታጠፍ በሚለካው፣ በዓይን በሚታይበት መሣሪያ) ውስጥ ሰማያዊው ጠፍቶ ነጭ ብቻ ቀረ፤ ልኩን የሚያሳየው የሁለቱ ቀለሞች መስመር ከ100 አልፎ ወጥቷል። ተበላሽቷል ብዬ ዜሮውን በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አስተካከልኩ። ባለታንኳው ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና የታንኳውን ጠርዝ በጣታቸው ጠርገው አሳዩኝ፦ የደረቀ ጨው። ከዚያ በኋላ ናሙናውን በእኩል የተጣራ ውሃ አቅጥኜ፣ ንባቡን በሁለት ማባዛት ጀመርኩ። ጠብታውን ፀሐይ ላይ አቆይቶ ማንበብም አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ቁጥሩ እዚያው መስታወቱ ላይ ይጨምራል።

ሳሉም የተገለበጠ ወንዝ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሳህል ዝናብ ሲመናመን ከላይ የሚወርደው ውሃ አነሰ፤ ባሕሩ በየዕለቱ ሞልቶ ሲነሣ ሽቅብ ይገባል፣ ሙቀቱ ውሃውን ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። ካዎላክ ጨው የሚመረትባት ከተማ የሆነችው በከንቱ አይደለም። እዚያው አጠገብ ያለው የጋምቢያ ወንዝ ግን ዛሬም እንደ ደንቡ ሽቅብ ሲሄዱበት ይጣፍጣል።

የዓሣ ደም በሊትር ከ10 እስከ 12 ግራም ያህል ጨው ቢይዝ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሰውነቱ እየደረቀ ስለሚሄድ ውሃውን መጠጣት፣ ትርፉን ጨው ደግሞ በስንጥቡ ገፍቶ ማስወጣት አለበት። ይህ ጉልበት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሽቅብ ሲወጣ የዓሣው ዓይነት እያነሰ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ስህተቱ የመጣው ካዎላክ ላይ ነው። አፉ አካባቢ የሠራሁበትን ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ዘርግቼ አሳደርኩ። ጠዋት ባዶ። በማግስቱም ባዶ። ማስታወሻዬ ላይ «ዓሣ የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲያውም «ከ100 በላይ ሕይወት አይቻልም» የምትል ዓረፍተ ነገር አሳምሬ ነበር። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ደቃቅ የሆነ የሚወረወር መረባቸውን ከታንኳው ላይ በተኑት። ሲስቡት መዳፍ የማይሞሉ፣ አገጫቸው የጠቆረ ዓሦች ይንፈራገጡበታል።

«ዋስ» አሉኝ። በወሎፍ የዚህ የቆሮሶ ዘመድ ስሙ ነው። ስሙ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሌላው ሲሸሽ እሱ ብቻ ቀርቶ ያበላናል፣ ዋስ መባሉ ይገባዋል አሉ። አንዱን አንስተው አፉን ሲከፍቱት ቢጫ እንቁላል ሞልቶታል። እንቁላሉን በአፉ ይዞ የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ለካ ጨው ሲበዛ ሳያድግ፣ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ የእኔ መረብ ደግሞ ለትንንሾቹ በር ከፍቶ ነበር ያደረው።

ሁሉንም ቦታ በሁለት ዓይነት መረብ እንደገና ለመሥራት ተጨማሪ ሳምንት ፈጀብኝ። «ዓሣ የለም» ባልኩባቸው ገጾች ላይ ያንን ሰርዤ የመረቡን ዓይን ስፋት ጻፍኩበት።