«ዕቃው ጤነኛ ነው» ያልኩ ቀን

ሐምሌ ነበር። ደሴ በሐምሌ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጥ ባጃጁ የሚታወቀው በመብራቱ ብቻ ነው። አንዲት እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር ወደ ጥገና ቤታችን ገቡ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቲቪ ይዘዋል። ብርድ ልብሱ በስብሷል፤ ቲቪው ላይ ግን ጠብ አላለም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊት ሌሊት በራሱ ይበራል። ለሱብሂ ስነሳ በርቶ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ድምፁ ቤቱን ይነቀንቀዋል» አሉኝ።

ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበራ መጠየቅ ነበረብኝ። የት እንደተቀመጠ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ በማን እንደሚጸዳ መጠየቅ ነበረብኝ። አንዱንም አልጠየቅኩም። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ «በራሱ ይበራል» የሚል ሰው በወር አንድ ሁለቴ ይመጣል። መልሱን የማውቅ መሰለኝ።

ቲቪውን ከፈትኩት። የፓወር ቦርዱን አየሁ፤ ያበጠ ካፓሲተር የለም። ቮልቴጁ ልክ ነው። ገጥሜ ሶኬት ላይ ሰካሁትና ቀይዋ መብራት በርታ መደርደሪያ ላይ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። አንድም ጊዜ አልበራም። በአራተኛው ቀን ሲመጡ እንዲህ አልኳቸው፦

«እትዬ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ሰው ነው የሚያበራው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስህተት ነበር፤ ስህተት ደግሞ ማንም ባለሙያ ይሠራል። ሁለተኛው ግን የእኔ ሥራ አልነበረም። ማን እንዳበራው አላየሁም። እሳቸው ትንሽ ዝም አሉና «እንዲያ በለኝ» ብለው ወጡ። ዝምታቸው ያኔ አልገባኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ቲቪውን አልያዙም። በሩ ላይ እንደቆሙ ነበር የነገሩኝ።

«ልጅቱን ሸኘኋት። የወሯን ደሞዝ ሰጥቼ ወደ ኩታ በር ሸኘኋት። ሌሊት እየተነሳሽ ፊልም ታያለሽ አልኳት። ሦስት ጊዜ ማለችልኝ፣ አላመንኳትም። አንተ ነግረኸኛላ። ትናንት ሌሊት ግን በራ። እሷ የለችም፤ እሱ ግን በራ።»

የቤት ሠራተኛ እንዳለቻቸው እንኳ አላውቅም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ወሬውም ሰፈሩን አዳርሷል። ጥግ ላይ ያለችው ባለሱቅ ለደላላው ሳይቀር ነግራዋለች፣ ሌላ ቤት እንዳያስገባት። አሁን ደግሞ ልጅቱ ሄዳም ሲበራ ጎረቤቱ ወደ ጂኒ ዞሯል። አንዷ ቲቪውን ሽጡት ትላለች፣ ሌላዋ ቤቱ ይቀራበት ትላለች። ሶኬቱን ለመንቀል ከባዱን ቡፌ ማንሳት ስለሚጠይቅ እትዬ በዚያ ክፍል ማደር ትተዋል።

መናገር አቃተኝ። እሳቸው ናቸው መልሰው ያጽናኑኝ። «አብሽር ልጄ። ያመንኩትስ እኔ አይደለሁ?» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህች «አብሽር» ስንት ነገር እንደምትሸከም ያውቃል። እኔን ግን የባሰ ከበደችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ቴስተሬንና ካቻቢቴዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። «እዚሁ እደር» አሉኝ፤ አደርኩ። ቲቪው በመስኮቱ ሥር ቡፌው ላይ ነው፤ አናቱ ላይ ዳንቴል አለ። መጀመሪያ የተለመዱትን ምክንያቶች አንድ በአንድ አወጣሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚበራ ቲቪ ብዙ ነው። ከመጥፋቱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ያስታውሳል። በዚያ ሌሊት ግን መብራት አልሄደም ነበር። በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ ሪሲቨር ሲነሳ ቲቪውንም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የእሳቸው በባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ነው የተያያዘው፣ ያ ገመድ ደግሞ ቲቪን የሚያስነሳበት መንገድ የለውም። የማብሪያ ሰዓት ተሞልቶ እንደሆነ አየሁ፤ የለም። የጎረቤት ሪሞትስ? አብዛኛው ሪሞት በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም በሚል ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው የሚሠራው። ያ ብርሃን ግድግዳ አያልፍም፣ የመስኮት መስታወት ግን ያልፋል። ስለዚህ መጋረጃውን ዘጋሁ። የቤቱን ሪሞት ባትሪውን አውጥቼ ሪሞቱን ኪሴ ከተትኩት።

ቡና ተፈላ። እትዬ ጂኒ ነው ብለው ከልባቸው አላመኑም፣ ግን ፈርተዋል። ስለዚህ አንድ የማውቀውን ታሪክ ነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ዜኒት የሚባለው ኩባንያ ገመድ የሌለው የቲቪ መቆጣጠሪያ አወጣ። እንደ ባትሪ መብራት ነው፤ በቲቪው ማዕዘኖች ላይ ወዳሉት ብርሃን ተቀባዮች እያነጣጠሩ ያበሩበታል። ችግሩ የፀሐይ ብርሃንም እነዚያ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ ቲቪው ታዘዝኩ ይላል። ጣቢያው ማንም ሳይነካው ይቀየራል። በዓመቱ በድምፅ የሚሠራ ሌላ መቆጣጠሪያ አወጡ፤ ለጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ነው። ያንን ደግሞ የሳንቲምና የቁልፍ ኳኳታ ያሳስተው ነበር።

«ታዲያ የእኔን ማን ያዘዋል?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነበር። በሪሞት የጠፋ ቲቪ አልተኛም። ቀይዋ መብራት እስከበራች ድረስ ውስጡ ያለው ትንሽ አእምሮ ነቅቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። አንድ ነገር ቁልፍ የተነካ ካስመሰለበት ይነሳል።

በረካውን ጠጥተን እሳቸው ወደ ጓዳ ሄዱ። ልጃቸው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቀይዋን መብራት አያለሁ። ብርዱ እየበረታ ሄደ። የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል ላብ ጀመረው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ በራ።

ማንም አልነካውም። ሪሞቱ ያለ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነው። ምስሉ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከሥር የድምፅ መጠን መለኪያዋ መስመር ወጣችና ብቻዋን ወደ ላይ መሄድ ጀመረች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ከዚያ ቆመች። እንደገና ተነሳች። መስመሯን ሳይ መልሱን ያገኘሁት ያህል ደስ አለኝ። ቲቪው ከራሱ ቁልፎች ትእዛዝ እየደረሰው ነው። ከሪሞቱ ሳይሆን በታችኛው ጠርዝ ላይ ካሉት አምስት ቁልፎች።

እነዚህ ቁልፎች በብዙ ቲቪዎች ላይ አንድ ሽቦ ይጋራሉ። እያንዳንዱ የተለየ ሬዚስተር፣ ማለት ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ አለው። ሳይነኩ ሽቦው ላይ 3.3 ቮልት ይቆማል። አንዱ ሲጫን ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አእምሮው ምን ያህል እንደወረደ አይቶ «ይሄ ማብሪያ ነው፣ ይሄ ድምፅ መጨመሪያ ነው» ብሎ ይለያል። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ ውስጡ ረጥቦ ወይም ዝጎ ትንሽ ኤሌክትሪክ ካሾለከ፣ ለቲቪው እንደ ጣት ነው። ሰውና እርጥበትን አይለይም።

ቡፌውን ከልጁ ጋር ጎትተን ሶኬቱን ነቀልን። የቁልፎቹን ትንሽ ቦርድ አወጣሁና በእጅ ባትሪ አየሁት። ሁለቱ ቁልፎች እግር ላይ አረንጓዴ ዝገት አለ፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ የውሃ መንገድ ይመስላል። ቴስተሩን አደረግኩበት። ያልተጫነ ቁልፍ ምንም ማሳለፍ የለበትም። አንደኛው ግን 200 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ጠጋ ብዬ መስታወት እንደሚወለውል ሰው «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበት። ቁጥሩ ተንሸራተተ። 90፣ 40፣ 20። ከዚያ ትንፋሹ ሲደርቅ ቀስ እያለ ወጣ።

እዚያ ቦርድ ፊት ተንበርክኬ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ማታ ሲያዩት ቲቪው ራሱን ያሞቃል፣ ቁልፉም ይደርቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ይቀዘቅዛል። የደሴ የሐምሌ ጉም በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። ወደ 9 ሰዓት ግድም ቁልፉ ላይ የሚያርፈው እርጥበት ይበቃዋል። የእኛ ጥገና ቤት ግን ቀኑን ሙሉ መበየጃው የጋለ፣ አሥር ዕቃ የተሰካበት ሙቅ ክፍል ነው። እዚያ ሦስት ቀን አይደለም ሦስት ወር ቢቀመጥ አይበራም ነበር። እኔ ሦስት ቀን ያየሁት ቲቪ እትዬ ቤት ያለው ቲቪ አልነበረም።

ውሃው ከየት መጣ? ለሱብሂ ሲነሱ ጠየቅኳቸው። «እኔ ነኝ የምወለውለው። ጁምዓ ጁምዓ፣ በሳሙና ውሃ። ለማንም አላስነካም» አሉ። ከተናገሩ በኋላ ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ጨርቁ ውሃ ካዘለ ጠብታው በስክሪኑ ላይ ወርዶ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ይገባል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። እድፉ ካስቸገረ ጨርቁን ጥብቅ አድርጎ መጭመቅ፣ ከዚያ በፊት ግን ሶኬቱን መንቀል። ስክሪን ላይ በቀጥታ ምንም አይረጭም።

አምስቱንም ቁልፎች ቀየርኩ። ከአንድ ኪሎ ስኳር በታች የሚያወጣ ዕቃ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቲቪ ቢበራ እንቅልፍ ነው የሚነሳው። ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ በራሱ ከበራ ግን እሳት ነው። ውስጡ ያለው መገናኛ ተጣብቆ የቀረ ምድጃ ቢጠፋም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን «እስኪ እንየው» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ወዲያው ከቆጣሪው አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው። ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ የሚያበራ አምፖል ያላችሁም አስፈትሹ። አንዱ ምክንያት ማጥፊያው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) ትቶ የሚመልሰውን (ኒውትራሉን) መቁረጡ ነው፤ ያኔ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ኤሌክትሪክ አለው፣ ለመቀየር የሚወጣውን ሰው ይይዛል። ለእትዬ የነገርኳቸው ቃል ስለ ምድጃ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

በነጋታው አሮጌውን የቁልፍ ቦርድና ቴስተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ከእትዬ ጋር ኩታ በር ሄድን። የልጅቱ እናት ምንም ሳይሉ አስገቡን። ልጅቱ ምሰሶው ጋ ቆማ ቀረች። እትዬ ይቅርታ ሲጠይቁ አለቀሱ፤ እሷ አላለቀሰችም። እኔም «ቃሉ የእኔ ነው። ሳላይ ነው የተናገርኩት» አልኩ። አሁንም ዝም።

ቦርዱን መደቡ ላይ አስቀምጬ ቴስተሩን ገጠምኩ። «ነይ፣ ተንፍሺበት» አልኳት። ተጠግታ ተነፈሰች። ቁጥሩ ወረደ። እስኪመለስ ጠበቀች። እንደገና ተነፈሰች። እንደገና ወረደ።

«እማ፣ አንቺም ሞክሪው» አለች። እናቷም ሞከሩ።

ከዚያ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «ይሄን ለሱቋ ሴትዮም ያሳዩልኝ» አለች። እመለሳለሁ ወይም አልመለስም አላለችም። ይቺን ብቻ አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስታችን የሱቁ ባንኮኒ ፊት ቆምን። ቦርዱን በስኳሩ ሚዛን አጠገብ አስቀመጥኩት። ባለሱቋ ግራ ገብቷት ጎንበስ ብላ ተነፈሰች። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎችም ቆመው አዩ። ልጅቱ ከጎኔ ሆና የቴስተሩን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ሁለት መቶ። ዘጠና። አርባ። ሃያ።»